የእሳት አደጋ ስምሪትን በካርታ ማፋጠን፦ በአዲስ አበባ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ (ከ«ተማሪ ሰሜን»)

ጤና ይስጥልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ማሟያ በጂአይኤስ (በኮምፒውተር የካርታ መረጃ ትንተና) የማዘጋጀው ጥናት የአዲስ አበባን የእሳት አደጋ ስምሪት የሚመለከት ነው። ያሰብኩት የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን በካርታ ላይ አስቀምጬ፣ የመንገዱን መረብ ተከትሎ ከእያንዳንዱ ጣቢያ በ4፣ በ8 እና በ12 ደቂቃ የሚደረስበትን አካባቢ ማውጣት፣ ከዚያም ሽፋን የሌላቸውን ሰፈሮች ለይቼ አዲስ ጣቢያ የሚሠራባቸውን ቦታዎች መጠቆም ነው። 4 ደቂቃውን የወሰድኩት ከአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) 1710 ደረጃ ሲሆን፣ ደረጃው የመጀመሪያው ተሽከርካሪ ከጥሪዎች 90 በመቶ ለሚሆኑት በ240 ሰከንድ የጉዞ ጊዜ እንዲደርስ ይጠይቃል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ ከደረሰው ቃጠሎ ወዲህ ይህ ጉዳይ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ጥናቱም መደርደሪያ ላይ እንዲቀር አልፈልግም። በሙያው የሠራችሁ፣ አካሄዴ ያዋጣል ትላላችሁ?

መልስ 1 (ከ«ቀያሽ»)

ርዕሱ ሊሠራበት የሚገባ ነው፤ ይሁን እንጂ መደምደሚያው ገና ሳይጀመር «አዲስ ጣቢያ ይሠራ» ወደሚል እንዳያዘነብል እሰጋለሁ። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርክን የእሳት አደጋ አገልግሎት ሲያጠኑ፣ አማካዩ የጉዞ ርቀት የሚቀንሰው በዝግጁ ተሽከርካሪዎች ብዛት ልክ ሳይሆን በብዛታቸው ስኩዌር ሩት ልክ መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ ስሌት ጣቢያዎችን እጥፍ ማድረግ ርቀቱን የሚቀንሰው በ30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በግማሽ ለመቀነስ ደግሞ አራት እጥፍ ያስፈልጋል። ጣቢያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ያሉትን መኪናዎች በትክክለኛው መንገድ ወደ ትክክለኛው ቦታ ከመላክ የሚገኘው ትርፍ በጥናትዎ ተለክቶ ከግንባታው ጎን እንዲቀመጥ ነው የምለው።

የመንገድ መረቡን ከኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ወስደው በኪውጂአይኤስ የካርታ ሶፍትዌር መሥራት ይችላሉ፤ ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን ለቤት መኪና የተሰላ ፍጥነት ውኃ ለሞላ ቦቴ አይሠራም። የቀላል ባቡሩ መስመር በመሬት ላይ በሚሄድባቸው ቦታዎችም መንገዱን ለሁለት ስለሚከፍለው፣ ማዶ የሚታይ ቤት ዘንድ ለመድረስ እስከሚቀጥለው መሻገሪያ ሄዶ መመለስ ግድ ይሆናል። መሻገሪያዎቹን አንድ በአንድ ሳያረጋግጡ የጉዞ ጊዜ አያስሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ነገር አለ። በርካታ የቆዩ ካርታዎችና የከተማ ፕላኖች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም (የቦታ መለኪያ መነሻ) ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ ዳተም ነው። ሁለቱም በዩቲኤም የካርታ ፍርግርግ ዞን 37 ውስጥ ቢሆኑም፣ ሳይለወጡ ከተደረቡ አንዱ ነጥብ ከሌላው ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። ይህ ርቀት መርካቶ ውስጥ ሌላ ተራ ማለት ነው።

መልስ 2 (ከ«የጥሪ ክፍል»)

በአደጋ ጥሪ መቀበል ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ። የእርስዎ ስሌት የሚጀምረው መኪናው ከጣቢያው ሲወጣ ነው፤ ጊዜው ግን መቆጠር የሚጀምረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ስልኩ ሲጠራ ነው። ብዙ ደቂቃ ሲባክን ያየሁት በመንገድ ላይ ሳይሆን «የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ በመፈለግ ነው።

ወደ 939 የሚደውል ሰው ቤቱ እየነደደ የመንገድ ስም አይነግርዎትም። «ሚካኤል ጋ» ይላል፤ የካ ሚካኤል ይሁን መካኒሳ ሚካኤል መጠየቅ የእርስዎ ድርሻ ነው። «22» ሲል የቤት ቁጥር ሳይሆን ሰፈር መሆኑን ሰው ያውቃል፤ ኮምፒውተሩ ካልተነገረው አያውቅም። 18 ማዞሪያም፣ 4 ኪሎም እንደዚያው ናቸው። የቤት ቁጥር የሚያስታውስ ደዋይ ቢገኝ እንኳ ወረዳውን ካልጨመረ ቁጥሩ ብቻውን አይጠቅምም፤ አንዳንዱም እስካሁን የሚጠራው የድሮ ቀበሌውን ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ሰው በአፉ የሚጠራቸውን የቦታ ስሞች መዝገብ ይሥሩ። ለእያንዳንዱ ስም በካርታው ላይ ነጥብ ብቻ ሳይሆን ወሰን ይስጡት፤ የቀድሞ ስሙን፣ አጠገቡ ያለውን ታክሲ ተራ ወይም ቤተ እምነትም አብረው ይመዝግቡ። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ መቁጠር አለበት፤ አለዚያ «ሀያት» ብሎ የጻፈ ባለሙያ «ሐያት» ተብሎ የተመዘገበውን ሰፈር ሲፈልግ ሰከንዶቹ ያልፋሉ።

በተለይ መርካቶን በተራ ይከፋፍሉት፤ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሚሊቴሪ ተራ ለነጋዴው የታወቁ አድራሻዎች ናቸውና። ለእያንዳንዱ ተራ መኪና የሚገባበትን አፍ፣ የመግቢያውን ስፋት፣ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖር አለመኖሩን፣ መኪናው ከማይገባበት ደግሞ የት ቆሞ ምን ያህል ሜትር የውኃ ቱቦ መዘርጋት እንዳለበት ይጻፉ። በእግር ተዟዙሮ በሜትር መለካትን ይጠይቃል፤ ከሳተላይት ምስል አይገኝም። የአካባቢው ደንብ አስከባሪዎችና ነጋዴዎች ቢታገዙ ግን የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከ«ተማሪ ሰሜን»)

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የደዋዩን ቦታ በቀጥታ ከስልኩ ማግኘት ከተቻለ ግን የስሞቹ መዝገብ የሚያስፈልግ ይሆናል?

መልስ 3 (ከ«አንቴና»)

ያስፈልጋል። ኤኤምኤል የሚባለው አሠራር፣ ሰው የአደጋ ጊዜ ቁጥር ሲደውል ስልኩ ያለበትን ቦታ በራሱ ወደ ጥሪ ማዕከሉ እንዲልክ ያደርጋል፤ አንድሮይድ ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2016፣ አይፎኖች ከ2018 ጀምሮ ይችሉታል። አገልግሎቱ የሚሠራው ግን በየአገሩ የቴሌኮም ድርጅቶችና የጥሪ ማዕከሉ ተስማምተው ሲዘረጉት ነው። ያለ እርሱ ከኔትወርኩ የሚገኘው በአንቴና ሽፋን ላይ የተመሠረተ ግምት ሲሆን፣ ስህተቱ ከመቶዎች ሜትር እስከ ኪሎ ሜትሮች ይደርሳል።

ከዚህም በላይ ስለ እሳት የሚደውለው ሰው ብዙ ጊዜ እሳቱ አጠገብ አይደለም። ጭሱን ከፎቅ ያየ፣ በታክሲ ሲያልፍ የተመለከተ፣ ወይም ጎረቤት ደውሎለት ከሥራ ቦታው የሚያስተላልፍ አለ። ስልኩ የሚያሳየው ደዋዩን ነው፤ የተቃጠለውን ቤት ለማግኘት አሁንም የሰው ቃልና ያንን ቃል የሚያውቅ ካርታ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ስለ አንድ ቃጠሎ ሲደውል ግን የደዋዮቹ ቦታዎች በካርታው ላይ ተቀራርበው ስለሚታዩ፣ ባለሙያው ጥሪዎቹ አንድ አደጋ ይሁኑ ሁለት ለመለየት ይረዱታል። ለዚህ ትልቅ ዋጋ እሰጠዋለሁ።

መልስ 4 (ከ«ቀያሽ»)

«የጥሪ ክፍል» ያሉት ከእኔ አስተያየት የሚቀድም ነው፤ የጥናትዎን ሚዛን ወደዚያ ቢያዞሩት እደግፋለሁ። ሁለት ነገሮች ልጨምር። የኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገዶችን ስላሰፋና ስለቀየረ፣ ከሥራው በፊት የተነሣን ምስል ለጉዞ ጊዜ ስሌት አይጠቀሙ፤ የቅርብ ምስል እንዲሰጥዎት በዩኒቨርሲቲዎ ደብዳቤ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩትን ይጠይቁ።

ሁለተኛው፣ ያሰሉት ደቂቃ ከእውነተኛው ጋር ሳይነጻጸር አይቅረብ። ያለፉ ጥሪዎች መዝገብ እንዲፈቀድልዎት ሲያመለክቱ አራት ሰዓቶችን ለይተው ይጠይቁ፦ ጥሪው የተነሣበትን፣ ቦታው የታወቀበትን፣ መኪናው ከጣቢያ የወጣበትንና የደረሰበትን። የደዋዮችን ስምና ስልክ ቁጥር አይውሰዱ፤ አያስፈልግዎትም። ሁለተኛው ሰዓት በመዝገቡ ላይ ካልተለየ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለየብቻ እንዲመዘገብ የጥናትዎ የመጀመሪያ ምክረ ሐሳብ ያድርጉት፤ ለዚህ አዲስ ሶፍትዌር ሳይገዛ በቅጹ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ይበቃል።