የሒሳብና የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪዎች በአንድ ቁጥር ይመዘናሉን?

ጥያቄ፦ ለማዕረግ ዕድገት ከቀረቡልን መምህራን የሒሳቧ ኤች-ኢንዴክስ (የጽሑፎችና የጥቅሶቻቸው ብዛት መለኪያ) 6፣ የባዮኬሚስትሪው 19 በመሆኑ ኮሚቴያችን ወደ ባዮኬሚስትሪው መምህር አዘንብሏል። ይህ አግባብ ነውን?

መልስ፦ በፍጹም አይደለም። 6 ማለት መምህርቷ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 ጽሑፎች አሏቸው ማለት ብቻ ነው። መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው የፊዚክስ ሊቅ ሆርሄ ሂርሽ ራሱ በሕይወት ሳይንስ ቁጥሩ ከፊዚክስ ከፍ እንደሚል ጽፏል። በባዮኬሚስትሪ ብዙ ሰዎች አብረው ይጽፋሉ፣ የዋቢ ዝርዝሩም ረጅም ነው፤ በሒሳብ ግን አንድ ወይም ሁለት ሰው ለዓመታት የደከመበት ማረጋገጫ ጥቂት ዋቢዎችን ብቻ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ሌላ መልስ፦ ኦሊቨር ላውሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተሙት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ከ300,000 ጊዜ በላይ የተጠቀሰው በየቤተ ሙከራው ስለሚሠራበት ነው። የሒሳብ ሊቁ ግሪጎሪ ፔሬልማን በአንጻሩ ዝነኛውን የሒሳብ ጥያቄ፣ የፖይንካሬን ግምት፣ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 በኢንተርኔት በለቀቃቸው ሦስት ጽሑፎች ሲሆን፣ በመጽሔት አላሳተማቸውም። እባካችሁ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ጥቅሶች በዚያው መስክ፣ በዚያው ዓመት ለወጡ ጽሑፎች አማካይ አካፍሉ፤ በአማካይ 4 ጊዜ በሚጠቀስበት መስክ 8 ጊዜ የተጠቀሰ ጽሑፍ፣ አማካዩ 30 በሆነበት 30 ጊዜ ከተጠቀሰው ይበልጣል።

ጠያቂው፦ ከልብ አመሰግናለሁ። ስሌቱን ሠርቼ፣ የመምህርቷን ሁለት ዋና ጽሑፎች የሚያነብ የሒሳብ ባለሙያ እንዲመደብ እጠይቃለሁ።