ማዳበሪያ በተወደደበት ጊዜ የትል ኮምፖስት አምርቶ መሸጥ ያዋጣል?

ጥያቄ፦
የዩሪያ ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ ሲመጣም ዘግይቶ ነው። እኛ ጋ እበት በሽ ነው። የትል ኮምፖስት (ትሎች እበት በልተው የሚያወጡት ማዳበሪያ) ልጀምር?

መልስ 1፦
ያዋጣል፣ ግን ገዥህን ለይ። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ የትል ኮምፖስት ጥሩ የተባለው እንኳ 2 በመቶ ገደማ። የአንድ ኩንታል ዩሪያን ናይትሮጅን ለመተካት ከ20 ኩንታል በላይ ይጠይቃል። ለስንዴ ገበሬ «ዩሪያን ይተካል» ብለህ ከሸጥክ በመጀመሪያው መኸር ስምህ ይጠፋል። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎችና የጓሮ አትክልት አምራቾች ላይ አተኩር።

መልስ 2፦
ለትሎቹ ትኩስ እበት እንዳትሰጣቸው! ሲብላላ ግሎ ትሎቹን ይፈጃል። ከጭድ ጋር ቀላቅለህ 2-3 ሳምንት እያገላበጥክ አቆየው፤ እጅህን ሰደህበት ካልሞቀህ ደርሷል። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ቀይ ትል። ጨብጠህ ስትጨምቀው ጠብታ ሁለት ጠብታ ካወጣ እርጥበቱ በቂ ነው፤ ከፈሰሰ አየር ያጣሉ፣ መሽተት ይጀምራል። ከማሳ የተለቀመ ትል አይሆንም፤ አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖር ስለሆነ ክምር ላይ አይራባም።

መልስ 3፦
ትሎቹን የሚበላ ጉንዳንም አለ። ትሎቹን በሳጥን ካረባህ የሳጥኑን እግሮች ውሃ የያዘ ጣሳ ውስጥ አቁም። ደግሞ ወንድሜ፣ ትሉንም ሽጥ፤ እንዲህ ባለ ዓመት ሥራውን የሚጀምር ስለሚበዛ የዘር ትል ፈላጊ አታጣም።