ስለ ጆሮ አኩፓንክቸር ምክር እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ

የምኖረው በአሜሪካ ሲሆን ለጭንቀትና ለእንቅልፍ እጦት ሐኪም ያዘዘልኝን ሰርትራሊን እወስዳለሁ። በቅርቡ አንዲት የአኩፓንክቸር ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒውዮርክ ሊንከን ሆስፒታል ከሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች ማገዣነት የተጀመረውንና ናዳ (NADA) የተባለውን፣ በእያንዳንዱ ጆሮ እስከ 5 ቀጫጭን መርፌ ተሰክቶ ጸጥ ብሎ መቀመጥን የሚጠይቀውን ዘዴ እንድሞክር መከሩኝ። እናቴ ከዋግምት ለይታ ስለማታየው ብዙም አልተቃወመችም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ጭምር መውሰዴ ነው። ባለሙያዋ ስለ መድማት አንድም ጥያቄ አለማንሳታቸው፣ ይልቁንም የጭንቀት መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንድተው መጠቆማቸው ጥርጣሬ አሳድሮብኛል፤ መድኃኒቱን ያለ ሐኪሜ ፈቃድ አላቋርጥም። በሙያው ያላችሁ ወይም ደም ማቅጠኛ እየወሰዳችሁ ሕክምናውን ያገኛችሁ፣ ከመጀመሬ በፊት ሐኪሜን ምን ምን ልጠይቅ፣ የባለሙያዋንስ የሥራ ፈቃድ እንዴት ላጣራ?