የዜብራ ዓሣ ፅንስ ላይ የካልሲየም ሞገድ አልታይ አለን

ሰላም ለሁላችሁ። የምንጽፈው ሰበታ ካለች ትንሽ ላብራቶሪ ነው። የመጀመሪያው የሴል ክፍፍል ሲጀመር በሸንተረሩ (ሴሉ ለሁለት በሚከፈልበት ስርጉድ) በኩል የሚሄደውን የካልሲየም ሞገድ፣ ማለትም በሴሉ ውስጥ እየተስፋፋ የሚሄድ የካልሲየም ጭማሪ፣ ለመቅረጽ ሞክረን አልሆነልንም።

ዕንቁላሉ በዳበረ በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ ከዴክስትራን (ትልቅ የስኳር ሞለኪውል) ጋር የተያያዘ ካልሲየም ግሪን፣ ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ ቀለም፣ 1 ናኖሊትር ያህል እንወጋለን፤ የዕንቁላሉን ቢጫ አስኳል ሳይሆን ሴሉን። ማቆያው ኢ3 የሚባለው የፅንስ ማቆያ ጨዋማ ውሃ ነው፣ ካልሲየሙ 0.33 ሚሊሞላር።

ሸንተረሩ ይጀምርና ተመልሶ ይጠፋል። ብርሃኑም ወጥ እንደሆነ ይቀራል። ያለ ቀለሙ ፖታሲየም ክሎራይድ ብቻ የተወጉት ግን በደንብ ስለሚከፈሉ መርፌውን አንጠረጥርም። ቀለሙ ራሱ ካልሲየም ይይዛል፤ ሲበዛ እንደ ባፕታ (ካልሲየም አጥብቆ የሚይዝ ኬሚካል) ሞገዱን ያፍናል። መጠኑን በግማሽ ስንቀንስ ክፍፍሉ ተመለሰ፣ ምልክቱ ግን ከካሜራው ጫጫታ አልለይ አለ። በየ10 ሰከንዱ፣ 200 ሚሊሰከንድ ነው የምናነሳው።

ሌላው ሙቀት ነው። ኢንኩቤተሩ 28.5 ዲግሪ ቢሆንም ማይክሮስኮፑ ያለበት ክፍል ጠዋት 19 ነው (የሰበታን ብርድ ታውቁታላችሁ)። የሚሞቅ ሰሌዳ የለንም። ክፍፍሉ ስለሚዘገይ ሰዓቱን ስተን ይሆን?

ጂካምፕ ኤምአርኤንኤ (ሴሉ ራሱ ካልሲየም ጠቋሚ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚሰጥ መመሪያ) እንዳትሉን፤ ለመጀመሪያው ክፍፍል ፕሮቲኑ አይደርስም። ኤኩዎሪን (ካልሲየም ሲያገኝ በራሱ የሚያበራ ፕሮቲን) የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ብርሃኑ ደካማ ስለሆነ በተራ ካሜራ ይያዛል ወይ? ደግሞ ሞገዱን ለመግታት የሚያገለግለው 2-ኤፒቢ የተባለ ኬሚካል የአይፒ3 ተቀባይን (በሴሉ ውስጥ የተከማቸ ካልሲየም የሚወጣበትን በር) ብቻ ሳይሆን ከውጭ የሚገባውንም ካልሲየም ስለሚነካ፣ ለማነጻጸሪያ ምን ትጠቀማላችሁ?