ለ4ኛ ክፍል እሳተ ገሞራና የመሬት መንቀጥቀጥ፦ አቼቶና ሶዳ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ (የ4ኛ ክፍል መምህርት፣ አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። 58 ልጆች ላሉበት ክፍል በሁለት ክፍለ ጊዜ ስለ እሳተ ገሞራና የመሬት መንቀጥቀጥ ማስተማር አለብኝ። ቤተ ሙከራ የለንም። የእሳተ ገሞራ ማሳያ ለመሥራት አቼቶና ሶዳ ስቀላቅል አረፋው ወዲያው ይጠፋል፤ ልጆቹም «ተራራው ውስጥ አቼቶ አለ?» ይሉኛል። በ2017 የአዋሽ ፈንታሌው ንዝረት ያስደነገጣቸውም አሉ። እንዴት ላድርገው?

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር)
መምህርት፣ መጀመሪያ ዱቄቱን ይመልከቱ። ቤኪንግ ፓውደር ከሆነ ስታርችና ደረቅ አሲድ ስለተቀላቀለበት የሶዳው መጠን ትንሽ ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ቤኪንግ ሶዳ» የሚለውን ይግዙ። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ 200 ሚሊ ሊትር አቼቶና 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩ፤ ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ በሶፍት ጠቅልለው ይክተቱ። ሶፍቱ እስኪርስ ድረስ እጅዎን ለማንሳት ጊዜ ያገኛሉ። ታች ነጭ ዱቄት ከቀረ አቼቶው አንሷል። ሳሙና ካልገባ ጋዙ አረፋ ሳይሠራ ያመልጣል። ክዳኑን ግን ፈጽሞ እንዳይዘጉት፣ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

መልስ (ጂኦሎጂ ያጠና)
የልጆቹ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው፣ እንዳታልፊው። ተራራው ውስጥ አቼቶ የለም። የሚያመሳስላቸው ጋዝ ፈሳሹን መግፋቱ ብቻ ነው። ለዚህ ከሶዳው ይልቅ አምቦ ውሃ የተሻለ ማስረጃ ነው። ያልተከፈተ፣ ያልተናወጠ ጠርሙስ ብርሃን ላይ ያዢላቸው፦ አረፋ አይታይም። ክዳኑን ቀስ ብለሽ ስትከፍቺው ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጋዙም ከውሃው ውስጥ እየወጣ ይፈላል። ቅልጥ አለትም ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ነገር ስለሚቀንስ ጋዙ እንዲሁ ይለቀቃል። ለብ ያለ ጠርሙስ ከቀዝቃዛው ይበልጥ ይገነፍላል፤ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ ብታሳያቸው ጥሩ ነው።

ቀጥሎ በስትሮው ውሃ ውስጥ፣ ከዚያ የቀዘቀዘ ወፍራም አጥሚት ውስጥ ይንፉ። በውሃው አረፋው በቀላሉ ይወጣል፣ አጥሚቱ ግን ይዞት ቆይቶ በድንገት ይረጫል። ኤርታሌ ላይ ላቫው ቀጭን ስለሆነ በአብዛኛው ይፈሳል። ኅዳር 14 ቀን 2018 በአፋር ያለው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ግን አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ በነፋስ የመንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ደርሷል። ካርታ ላይ ጣታቸውን እያስኬዱ ይከተሉት።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፦ ቅልጥ አለቱ ከመሬት እምብርት እንደሚመጣ አድርገሽ እንዳትስዪ። ከቅርፊቱ በታች ያለው ማንትል በአብዛኛው ጠጣር ነው። በስምጥ ሸለቆ ቅርፊቱ እየተለጠጠ ሲሳሳ ከታች ያለው አለት ወደ ላይ ይነሳል፣ ግፊቱ ሲቀልለትም ከፊሉ ይቀልጣል። ለመንገድና ለግንባታ የሚሸጠውን ቀይ አሽ አንድ እፍኝ አምጪና በእጃቸው ይያዙት፤ ቀዳዳዎቹ ከጋዝ አረፋ የቀሩ ናቸው።

ጥያቄ (መምህርቷ)
አጥሚቱን ወድጄዋለሁ። መንቀጥቀጡስ? «ደግሞ ይመጣል?» ሲሉኝ ምን ልበል?

መልስ (ጂኦሎጂ ያጠና)
«አይመጣም» አትበያቸው። መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ቀን ቆርጦ መናገር አይቻልም፤ ምን እንደሚደረግ ግን ይታወቃል ብትያቸው ይበቃል። የ2017ቱ ንዝረት ቅልጥ አለት በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ከመሬት በታች ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ ሲገባ የመጣ ነው፤ ለዚህ ነው ሳምንታት የቆየው።

ንዝረቱ በመሬት ውስጥ በሞገድ እንደሚጓዝ ለማሳየት ልጆቹን ትከሻ ለትከሻ አሰልፊ። ከዳር በቀስታ ሲገፉ ግፊቱ በሰልፉ ያልፋል፦ ፈጣኑ ሞገድ ይህ ነው፣ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደፊትና ወደኋላ ሲወዛወዙ ደግሞ ሁለተኛው፣ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፈንታሌ አዲስ አበባ በቀጥታ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አካፍለው ያምጡት፦ 22 ሰከንድና 37 ሰከንድ። ሒሳብም ሠሩ ማለት ነው።

መልስ (የግንባታ ባለሙያ)
ንዝረቱ ሕንፃን ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ስቴኪኒና ጭቃ ይበቃል። አንዱ ቡድን አራት ማዕዘን ብቻ፣ ሌላው በየማዕዘኑ ሰያፍ እየጨመረ ባለ ሦስት ፎቅ ይሥራ። ጭቃው ቢያንስ አንድ ሌሊት ይድረቅ፤ እርጥብ ከሆነ ሁሉም ስለሚወድቅ ልዩነቱ አይታይም። ትሪ ላይ ብይ በትነሽ ሌላ ትሪ ደርቢበት፣ ሕንፃውን ከላይኛው ላይ በጭቃ አጣብቂ። ሁሉንም አንድ ልጅ ያናውጥ፣ ርቀቱም በማስመሪያ 3 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ አለበለዚያ ሕንፃዎቹ ሳይሆኑ የልጆቹ ጉልበት ነው የሚወዳደረው። ሰያፍ የሌለው ወደ ጎን ይተኛል፣ ሰያፍ ያለው ሦስት ማዕዘን ቅርፁን ይዞ ይቆያል።

ልምምዱን አትዝለዪው። በደህና በተሠራ ክፍል ውስጥ፦ መንበርከክ፣ ዴስክ ሥር መግባት፣ የዴስኩን እግር አጥብቆ መያዝ። ዴስኩ ካልበቃቸው ከመስኮትና ከመደርደሪያ ርቀው ጭንቅላትና አንገታቸውን በክንዳቸው ይሸፍኑ። ንዝረቱ ሳይቆም ወደ በር መሮጥ 58 ልጅ ባለበት ክፍል መረጋገጥ ያመጣል፤ በሩን የሚከፍት አንድ ልጅ መድቢ፣ ሲቆም በረድፍ ይውጡ። የጭቃ ቤት ውስጥ፣ ምድር ላይና በሩ አጠገብ ከሆኑ ግን ወዲያው ወደ ሜዳ መውጣቱ ይሻላል። ውጭ ሲሆኑ ከአጥር፣ ከግንብና ከመብራት ምሰሶ ይራቁ፤ ተከታይ ንዝረት ሊኖር ስለሚችል ለደብተር ብለው ተመልሰው አይግቡ።