የኩላሊት ሕመምተኛ የቻይና ዕፅ ከኪኒኑ ጋር ይውሰድ ወይስ ይቅርበት?

እታለም፦ ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ኩላሊቱ ከተዳከመ ቆይቷል። እጥበት አልጀመረም፣ የግፊት ኪኒኑን ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያሸናውን ላሲክስ ይወስዳል። አንድ ዘመዳችን ከቻይናዋ ከተማ ከጓንጁ ሲመጣ የሚፈላ ዕፅ ይዞለት መጣ። በፕላስቲክ የታሸገ ነው፣ ላዩ ላይ ካለው የቻይንኛ ጽሑፍ በቀር ምንም የለውም። ሐኪሙ ገና ሳያየው «እንዳትነኩት» አለ። እናቴ ደግሞ «አገሩ ሰው የሚድንበትን ለምን ይከለክላል» ብላ ተቀይማለች። እናንተስ? ከሐኪም መድኃኒት ጎን ይወሰድ ወይስ ጭራሽ መሸጡም ይከልከል?

ዮናስ፦ አይከልከል! ሐኪም ቤት መጨረሻ ላይ የሚሰጥህ መልስ እጥበት ነው፣ እሱንስ ስንቱ ይችለዋል? በሳምንት ሦስቴ የሚባለው ወረቀት ላይ ነው፣ ብር ያጠረው ሁለቴ እየታጠበ ይኖራል። ንቅለ ተከላም እ.ኤ.አ. በ2015 ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀመረ ተብሎ ደስ አለን፣ ግን ከዘመዱ ሰጪ ያጣ ሰው ምን ይሁን? ደግሞ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ከየት መጣ? ከቻይና ዕፅ አይደለም እንዴ? ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ኖቤል የወሰደችው በምን ሆነና ነው?

ፋርማሲስቱ፦ ዮኒ፣ ኮአርተምን ባታነሳው ይሻልህ ነበር። አንዷ ፍሬ ውስጥ 20 ሚሊግራም አርቴሜተር፣ 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን እንዳለ እናውቃለን። ከቅጠሉ የሚፈለገው ተለይቶ ወጥቶ፣ ተለክቶ፣ ሰው ላይ ተሞክሮ ነው እዚህ የደረሰው። የእታለም ፌስታል ውስጥ ስንት ዓይነት ሥር እንዳለ የሚነግረን ማነው?

ሙሉጌታ፦ እኔ ጓንጁ ነው የምኖረው። እዚህ ሁለቱን ማጣላት የሚባል ነገር የለም። የባህል ሕክምና ሆስፒታሎች ኩላሊት ክፍል አላቸው፣ ደምህን ይመረምራሉ፣ የግፊት ኪኒንም ዕፅም ያው አንድ ሐኪም ይጽፍልሃል። ዳ ሁዋንግ የሚሉት ሥር አለ፣ ሆድ ያስኬዳል፣ ቆሻሻው በዚያ ይውጣ ባዮች ናቸው። ሁዋንግ ቺ የሚባል ሌላ ሥርም አለ። ክሬቲኒናቸው፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚበዛው ቆሻሻ፣ ለዓመታት ሳይጨምር የቆዩ ሰዎች አውቃለሁ። «ዕፅ ነው፣ ጣለው» ማለት ብቻውን ሳይንስ አይሆንም።

ፋርማሲስቱ፦ ጋሼ ሙሉጌታ፣ ቁም ነገሩን ራስዎ አሉት። ደም ይመረመራል፣ ጻፊው አንድ ሰው ነው። እዚህ የሚመጣው ግን ዕፁ ብቻ ነው፣ ሐኪሙና ላቦራቶሪው እዚያው ቀርተዋል። ሁዋንግ ቺን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኮክሬን ግምገማ (ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ነው) በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን ይቀንስ ይሆናል የሚል ፍንጭ አለው፣ ግን የተሰበሰቡት ጥናቶች ደካማ ስለሆኑ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ለሕመምተኛ ቃል መግባት አይቻልም። ዳ ሁዋንግ ደግሞ ላሲክስ የሚወስድ ሰው ላይ ተቅማጥ ካስነሳ ውሃው ያልቅና ክሬቲኒኑ ይባሱን ይወጣል።

ቤቲ፦ እጥበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የብራስልሱን ታሪክ የማታውቁ ስሙት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ ለሴቶች የቻይና ዕፅ ያለበት እንክብል ይሰጥ ነበር። መግባት የነበረበት ስቴፋኒያ የሚባል ተክል ነው፣ በቻይንኛ ፋንግ ጂ። የገባው ግን ሌላ ነው፣ አሪስቶሎኪያ፣ እሱም ፋንግ ጂ የሚል ስም ስላለው በስም ተምታቷል። እነዚህ ሴቶች ክብደት ሊቀንሱ እንጂ ኩላሊታቸውን አሟቸው አልነበረም የሄዱት! ከመቶ በላይ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ ብዙዎቹ እጥበትና ንቅለ ተከላ ላይ ወደቁ። በዚህ አላበቃም። ከተጎዱት 39ኙ የማይሠራው ኩላሊታቸው ከነሽንት ቱቦው ይውጣ ብለው ፈቀዱ፣ ሲመረመር 18ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። ጤነኛ ኩላሊት ላይ ይህን የሠራ ነገር የተዳከመው ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ዮናስ፦ እሱ እኮ ሠላሳ ዓመት አለፈው ቤቲ! ዕፁም ታግዷል።

ቤቲ፦ ታግዷል፣ ልክ ነህ። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2003 ከልክላለች፣ ቻይናም ከአሪስቶሎኪያ ዘመዶች ዋና ዋናዎቹን ከመድኃኒት ዝርዝሯ አስወጥታለች። እገዳው የሚሠራው ግን ስሙ የታወቀ ነገር ላይ ነው። ስም የሌለው ፌስታል ላይ ምኑን ታግደዋለህ?

ፋርማሲስቱ፦ ያልታገደውም ቢሆን እኮ ችግር አያጣውም። ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ሥር ብዙ የቻይና ቅልቅል ውስጥ ይገባል። ግፊት ይጨምራል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ላሲክስም ፖታሲየም ያወርዳል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ልብ ምት ይዛባል። ፖታሲየም የበዛበት ዕፅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ ኢናላፕሪል ራሱ ፖታሲየም ይይዛል፣ የደከመ ኩላሊት አያስወጣውም፣ አሁንም ልብ ነው የሚመታው። እና የእታለም አባት የትኛው እንደሚገጥማቸው ሳይታወቅ ጠጡ ማለት እኔ አይሆንልኝም።

ዘላለም፦ ንቅለ ተከላ ካደረግሁ ቆየሁ፣ ሰውነቴ የተተከለውን ኩላሊት እንዳይጠላው የሚሰጠው ታክሮሊመስ ላይ ነኝ። ቻይና ውስጥ ውዚ የሚባል የዕፅ እንክብል አለ፣ የታክሮሊመስን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል። ሐኪሞቹ ሆን ብለው ይሰጡታል፣ ውዱ መድኃኒት በትንሽ መጠን እንዲበቃ። አሪፍ ነው! ግን ያው እንክብል ሐኪሜ ሳያውቅ እኔ ብውጠው መድኃኒቱ በደሜ ውስጥ በዝቶ የተተከለልኝን ኩላሊት ይመርዘዋል። «አጉል ነው፣ አይሠራም» የምትሉ ሰዎች ይህን እዩት፣ ስለሚሠራ ነው የሚያስፈራው።

ዮናስ፦ እሺ ተቀበልኩ እንበል። ከከለከላችሁት ግን ሰው መጠጣቱን አይተውም፣ መናገሩን ነው የሚተወው።

ቤቲ፦ እሱን አሁንም እያየነው ነው። ታካሚ ክሬቲኒኑ ድንገት ሲወጣ «ምን ጠጣህ?» እንለዋለን፣ «ምንም»። ልጁ በር ላይ ትጠብቀኝና ሹክ ትለኛለች። የሚደብቁት እኛ ስለምንቆጣ ነው፣ ይህ የሐኪሞቹም ጥፋት ነው፣ የአባትሽ ሐኪምም ፌስታሉን ተቀብሎ ሳያይ «እንዳትነኩት» ማለት አልነበረበትም እታለም። ሁሉም ይከልከል አልልም። ይዘቱ በአማርኛ ያልተጻፈበት ግን ሱቅ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ሙሉጌታ፦ እታለም፣ የጽሑፉን ፎቶ በውስጥ ላኪልኝ፣ እዚህ ፋርማሲ አስነብቤ እነግርሻለሁ።

ፋርማሲስቱ፦ እኔም ልየው። ጽሑፉ ላይ ያለው ውስጡ ካለው ጋር አንድ ለመሆኑ ግን ዋስትና የለም ጋሼ፣ ብራስልስም ላይ የተጻፈው ስቴፋኒያ ነበር።

እታለም፦ ፎቶውን እልካለሁ። ኪኒኑን እንዳያቆም እናቴን አስምያታለሁ። ዕፁ ለጊዜው ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣ እሷም እኔን አታናግረኝም።