የጀልባ ሞተሬ ዘይት ያፈሳል፣ መሪውም ደርቋል

እባካችሁ ተባበሩኝ። የምኖረው ጎንደር ነው፤ ጀልባዬ ግን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ጎርጎራ ናት። ሞተሯ አሮጌ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ ነው። ቅዳሜ የታችኛውን የዘይት ቡሎን ስፈታ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ወጣ። ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ፕሮፔለሩን ሳወልቅ ዘንጉ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሟል፤ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን የጎማ ቀለበት) የበላው እሱ ይመስለኛል። ሲሉን ብቻ ልቀይር ወይስ ዘንጉንም ላስፈትሽ?

መሪው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለማዞር ሁለት እጅ ይፈልጋል። ኬብሉን ከሞተሩ ነቅዬ ሞከርኩ፤ ሞተሩ በእጅ እንደ ልብ ይዞራል፣ ኬብሉ ግን ንቅንቅ አይልም። ግሪስ ቢጠጣ ይለቃል ወይስ ልጣለው? የጠየቅኩት የባጃጅ መካኒክ ሳቀብኝ። ኦይል ሲሉ ባሕር ዳር ይገኝ ይሆን?